«ግዛ» የሚለው በተን ምን እየሸጠልን ነው? የሙዚቃ ዳውንሎድ ገበያ፣ ፉክክሩና ፈቃዱ

ስልካችሁ ላይ ከፍላችሁ ያወረዳችሁት ዘፈን የእናንተ ነው? ብዙ ሰው «አዎ፣ ብሬን ከፍዬበት!» ይላል። የሕጉ መልስ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የምንገዛው ዘፈኑን ሳይሆን ዘፈኑን የመስማት ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ገደብ አለው፦ በየትኛው ስልክ፣ በየትኛው አገር፣ እስከ መቼ።

ይሄ ገደብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሙዚቃ ኩባንያዎችና በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጉልበት መፈታተሽ፣ በፍርድ ቤት ክርክር እና በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ግፊት የተሠራ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት መብት አለ

ከሁሉም በፊት ይህቺን መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ እሷ የቀረው ነገር አይገባም።

👉 አንደኛው የግጥምና የዜማ መብት ነው። ባለቤቶቹ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ናቸው፤ ወይም መብቱን በውል የወሰደው አካል።

👉 ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ መብት ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ «ማስተር» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ የቀረጻውን ወጪ የሸፈነው ሙዚቃ ኩባንያ፣ ማለትም ሌብሉ ነው። ዘፋኙ ውሉ ላይ የተጻፈለትን ፐርሰንት ያገኛል።

ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ወይም አፕ ዘፈን ለመሸጥ የሁለቱንም ፈቃድ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ለግጥምና ዜማው የሚከፈለው በሕግ የተተመነ ነው፤ ከ2006 እስከ 2022 ድረስ ለአንድ ዳውንሎድ (ከ5 ደቂቃ ላልበለጠ ዘፈን) 9.1 ሳንቲም ነበር። ማስተሩ ግን እንዲህ ያለ የተቆረጠ ዋጋ የለውም። ሌብሉ «አልሰጥም» ካለ፣ በቃ አልሰጥም ነው። የገበያው ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አምስት ትልልቅ ሌብሎች ነበሩ፦ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ፣ ቢኤምጂ፣ ዋርነር እና ኢኤምአይ። በ2004 ሶኒና ቢኤምጂ ተዋሃዱ። በ2012 ደግሞ ዩኒቨርሳል የኢኤምአይን የቀረጻ ንግድ ገዛ፤ የአውሮፓ ኮሚሽን ግን የፈቀደው የኢኤምአይ ትልልቅ ክፍሎች እንዲሸጡ አስገድዶ ነው። ዛሬ ሦስት ቀርተዋል፦ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ፣ ዋርነር። ማንኛውም አዲስ የሙዚቃ አፕ ሦስቱንም ማሳመን አለበት።

2. ናፕስተር መጣ፣ ሌብሎቹ ደነገጡ

በ1999 ናፕስተር ተጀመረ። ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዘፈን ከሌላው ጋር በነፃ የሚለዋወጥበት ሶፍትዌር ነበር። ሌብሎቹ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሰሱት፤ በ2001 ክረምት ላይ ተዘጋ።

ናፕስተርን መዝጋት ግን የሰዉን ፍላጎት አልዘጋም። ሕዝቡ አልበም ሙሉ ሳይገዛ አንድ ዘፈን ብቻ፣ ወዲያው፣ ቤቱ ሆኖ ማግኘት እንደሚቻል አይቷል። ሌብሎቹ በ2001 መጨረሻ የራሳቸውን ሁለት አገልግሎቶች ከፈቱ። ሶኒና ዩኒቨርሳል «ፕሬስፕሌይ»ን፣ ዋርነር፣ ቢኤምጂና ኢኤምአይ ደግሞ ከሪልኔትወርክስ ጋር «ሚዩዚክኔት»ን።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አንዱ ጋ ያለው ዘፋኝ ሌላው ጋ አልነበረም። ሁሉንም ለማግኘት ሁለቱም ጋ መክፈል፣ ከዚያም ወደ ሲዲ ለመገልበጥና ወደ ማጫወቻ ለመውሰድ በተደረደረው ገደብ መታገል ግድ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም «እነዚህ ሰዎች ገበያውን ተከፋፍለው ሊይዙት ነው እንዴ?» ብሎ ምርመራ ከፈተ፤ በ2003 መጨረሻ ያለ ክስ ዘጋው። ሁለቱንም አገልግሎቶች የጣላቸው ምርመራው ሳይሆን ሰው እምቢ ማለቱ ነው።

3. 99 ሳንቲም

ሚያዝያ 28 ቀን 2003 አፕል የአይቲዩንስ ሙዚቃ መደብርን ከፈተ። 200 ሺህ ዘፈኖች፣ ከአምስቱም ሌብሎች፣ እያንዳንዱ 99 ሳንቲም። በመጀመሪያው ሳምንት 1 ሚሊዮን ዘፈን ተሸጠ።

ሌብሎቹ ለምን ተስማሙ? አንደኛ፣ አማራጭ አልነበራቸውም፤ በነፃ የሚያወርደው ሰው እየበዛ ነበር። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የተከፈተው ለማክ ተጠቃሚዎች ብቻ ነበር፤ ማክ ደግሞ ያኔ ትንሽ ገበያ ነው፤ «ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው» የሚል ስሌት ነበራቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ለዊንዶውስም ተከፈተ።

ከ99 ሳንቲሙ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሌብሉ ነበር። አፕል ከዘፈኑ ብዙም አያተርፍም፤ የሚያተርፈው ከአይፖድ ሽያጭ ነው። ዘፈኑ ርካሽ በሆነ ቁጥር አይፖዱ ይሸጣል። ሌብሎቹ ግን የሚሸጡት ዘፈን ብቻ ስለሆነ «አዲስና ተወዳጅ ዘፈን በ99 ሳንቲም አይሸጥም፣ ዋጋው ይለያይ» ብለው ለዓመታት ለመኑ። አፕል እምቢ አለ።

4. ሌብሎቹ ያዘዙት ቁልፍ ራሳቸውን ቆለፈባቸው

ሌብሎቹ ፈቃድ ሲሰጡ ቅድመ ሁኔታቸው ዲጂታል ቁልፍ ነበር፤ በሙያው ቋንቋ ዲአርኤም ይባላል። ዘፈኑ በተወሰኑ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ እንዲከፈት ያደርጋል። የአፕል ቁልፍ «ፌርፕሌይ» ይባላል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ኋላ ላይ አምስት ኮምፒውተር ይፈቅድ ነበር።

አፕል ፌርፕሌይን ለተፎካካሪዎቹ አላከራየም። ስለዚህ ከአይቲዩንስ የተገዛ ዘፈን ከአይፖድ ሌላ በእጅ በሚያዝ ማጫወቻ ላይ አይሠራም። በተቃራኒው ደግሞ ሌሎች መደብሮች በማይክሮሶፍት ቁልፍ የሚሸጡት ዘፈን አይፖድ ላይ አይሠራም። እስቲ አስቡት፦ 300 ዘፈን አይቲዩንስ ላይ የገዛ ሰው ሌላ ድርጅት የተሻለና የረከሰ ማጫወቻ ቢያወጣ ይቀይራል? ከቀየረ 300 ዘፈኑን ትቶ ነው። የሌብሎቹን ንብረት ለመጠበቅ የተሠራው ቁልፍ ደንበኛውን አፕል ቤት የሚያስቀር አጥር ሆነ። ገበያው በአንድ ሻጭ እጅ ሲገባ ደግሞ ሌብሎቹ ስለ ዋጋ ለመደራደር ያላቸው ጉልበት አነሰ።

በ2004 ሪልኔትወርክስ «ሃርመኒ» የሚባል ሶፍትዌር ሠራ። ከሱ መደብር የተገዛ ዘፈን አይፖድ ላይ እንዲጫወት የሚያደርግ ነበር። በዚያው ሰሞን ዋጋውን ወደ 49 ሳንቲም አወረደ። አፕል ድርጊቱን ከሰርጎ ገብነት ቆጠረው፤ በሶፍትዌር ማሻሻያ ዘጋበትም። ይሄ ጉዳይ ከአስር ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ደርሷል። የአይፖድ ገዢዎች «ማሻሻያው ተፎካካሪን ለማስወጣት ነው፣ በዚህም አይፖድ በውድ ገዛን» ብለው ወደ 350 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ታኅሣሥ 2014 ኦክላንድ ላይ የተሰየመው ዳኝነት ግን ማሻሻያው እውነተኛ የምርት መሻሻል ነው ብሎ ለአፕል ፈረደ።

5. አውሮፓ፦ «የገዛ ሰው ለምን ይታሰራል?»

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ክስ ሲሆን አውሮፓ ውስጥ የሸማቾች መብት ጥያቄ ሆነ። የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት በ2006 አቤቱታ አቀረበ። በጥር 2007 የአገሪቱ የሸማቾች እንባ ጠባቂ «ዘፈንን ከአንድ ኩባንያ ማጫወቻ ጋር ማሰር የአገሪቱን ሕግ ይጥሳል» አለ። ፈረንሳይም በ2006 በዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥታለች።

ሌላው ጥያቄ ዋጋ ነበር። አይቲዩንስ ላይ አንድ ዘፈን ፈረንሳይና ጀርመን 99 ዩሮ ሳንቲም ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ 79 ፔንስ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ የእንግሊዙ ይወደዳል። እንግሊዛዊው «እንግዲያው ከጀርመን መደብር ልግዛ» ቢል አይችልም፤ ካርዱ የተመዘገበበት አገር እየታየ ይመለሳል። የአፕል መልስ «ሌብሎቹ ፈቃድ የሚሰጡኝ በአገር በአገር ከፋፍለው ነው» የሚል ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን መረመረ። በጥር 2008 አፕል የእንግሊዝን ዋጋ በስድስት ወር ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ለማስተካከል ቃል ገባ።

«ይህ ይዘት በአገርዎ አይገኝም» የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ምክንያቱ ቴክኒክ አይደለም። ፈቃዱ በአገር ተከፋፍሎ መሸጡ ነው።

6. አማዞን ገባ፣ ቁልፉ ወደቀ

የካቲት 6 ቀን 2007 ስቲቭ ጆብስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። መልእክቱ ቀጥተኛ ነበር፦ ሌብሎቹ ከፈቀዱ አፕል ቁልፉን ያነሳል። መከራከሪያውም ጠንካራ ነበር። በ2006 በቁልፍ የተሸጠው ዘፈን ከ2 ቢሊዮን በታች ሲሆን፣ እነዚያው ሌብሎች ያለ ምንም ቁልፍ በሲዲ የሸጡት ግን ከ20 ቢሊዮን ዘፈን በላይ ነው። በሩን ከፍቶ መስኮቱን መቆለፍ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ኢኤምአይ ነው። በግንቦት 2007 ቁልፍ የሌለውና ጥራቱ ከፍ ያለ ዘፈን አይቲዩንስ ላይ በ1.29 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ዩኒቨርሳል ግን ብልጥ ጨዋታ ተጫወተ፦ ቁልፍ የሌለው ዘፈን በሌሎች መደብሮች ለሙከራ አውጥቶ ለአይቲዩንስ ከለከለ። መስከረም 2007 አማዞን ቁልፍ የሌለው ኤምፒስሪ የሚሸጥ መደብር ከፈተ። እስከ ጥር 2008 አራቱም ትልልቅ ሌብሎች እዚያ ገቡ።

ለአማዞን የሰጡትን ለአፕል ለምን ከለከሉ? ተፎካካሪ ለመፍጠር ነው። ኤምፒስሪ አይፖድ ላይም ስለሚሠራ አማዞን የአፕልን ደንበኛ መውሰድ ይችላል። ያን ጊዜ አፕል ስለ ዋጋ መስማት ይጀምራል። የሆነውም እሱ ነው። በጥር 2009 አፕልና ሌብሎቹ ተስማሙ፦ ቁልፉ ይነሳል፣ በምትኩ ዋጋው በሦስት ይከፈላል፤ 69 ሳንቲም፣ 99 ሳንቲም እና 1.29 ዶላር። ሕዝቡ ነፃነቱን አገኘ፣ ሌብሎቹ ዋጋቸውን አገኙ። ቀድሞ የተገዙ ዘፈኖችን ከቁልፍ ማስፈታት ግን በነፃ አልነበረም፤ በዘፈን 30 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር።

7. መደብሩ ሲዘጋ ዘፈኑ የት ይገባል?

በቁልፍ የተሸጠ ዘፈን በየጊዜው «ይሄ ሰው ከፍሏል?» ብሎ የሻጩን ሰርቨር ይጠይቃል። በተለይ ኮምፒውተር ሲቀየር። ሰርቨሩ ከጠፋስ?

በ2008 ይሄ በእውነት መጣ። ማይክሮሶፍት የዘጋውን የኤምኤስኤን ሙዚቃ ቁልፍ ማረጋገጫ ሰርቨሮች ሊያጠፋ መሆኑን ለደንበኞች አሳወቀ፤ ጩኸቱ ሲበረታ ጊዜውን አራዘመ። ያሁም የሙዚቃ መደብሩን ሰርቨር ሊያጠፋ ሲል ተቃውሞ ገጠመው፤ ለገዢዎች ካሳ ለመስጠት ተገደደ። እነዚህ ሰዎች ወንበዴ አልነበሩም፤ ሕጋዊውን መንገድ መርጠው የከፈሉ ናቸው። በነፃ ያወረደው ጎረቤታቸው ዘፈን ግን ምንም አልሆነም። ሕጋዊ ደንበኛ ከሕገ ወጡ የባሰ ዕቃ ከተሰጠው ገበያው ታሟል ማለት ነው።

8. ሽያጭ ነው ወይስ ፈቃድ? ሁለት መልስ ለአንድ ጥያቄ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን።

የኤሚነም ጉዳይ። ኤሚነምን መጀመሪያ ያስፈረመው ኤፍቢቲ ፕሮዳክሽንስ ከሌብሉ ጋር የነበረው ውል ሁለት ዓይነት ክፍያ ነበረው፦ ዕቃ ሲሸጥ ከ12 እስከ 20 ፐርሰንት፣ ማስተሩ ለሌላ አካል በፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ 50 ፐርሰንት። አይቲዩንስ ላይ የሚወርድ ዘፈን የትኛው ነው? ሌብሉ «ሽያጭ ነው» አለ፤ ትንሹን ይከፍላላ! በ2010 የአሜሪካ 9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን «ሌብሉ ለአፕል የሰጠው ፈቃድ ነው፣ 50 ፐርሰንት ይከፈል» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነባር አርቲስቶች የድሮ ውላቸውን አውጥተው ተመሳሳይ ጥያቄ አነሱ።

የሪዲጂ ጉዳይ። ሪዲጂ ደግሞ ያገለገለ ዲጂታል ዘፈን መሸጫ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሰማችሁትን ሲዲ መሸጥ ትችላላችሁ፣ ከአይቲዩንስ የገዛችሁትን ዘፈንስ ለምን አትሸጡም? ካፒቶል ሪከርድስ በ2012 ከሰሰው። በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሌብሉ ፈረደ። ምክንያቱ፦ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲሄድ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል፤ ቅጂ ማባዛት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡና እዩት። ለአርቲስት መክፈል ሲመጣ ሌብሉ «ሽያጭ ነው» ይላል። ገዢው መልሶ ልሽጥ ሲል ደግሞ በእጁ የቀረው እንደ ሲዲ የማይተላለፍ ነገር ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ትንሹ ድርሻ የሚደርሰው ዘፈኑን ለሠራውና ለሚሰማው ነው።

በቅርቡ አንድ ለውጥ አለ። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ያጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ፣ ሻጮች ለዲጂታል ዕቃ «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚቀመጥ ፋይል የሚሰጥ ሻጭ ግን ይሄ አይመለከተውም።

9. ስትሪሚንግ ዳውንሎድን ዋጠው

በየካቲት 2013 አይቲዩንስ 25 ቢሊዮንኛውን ዘፈን ሸጠ። በዚያው ዓመት ግን አሜሪካ ውስጥ የዳውንሎድ ሽያጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። ስፖቲፋይ በ2008 አውሮፓ፣ በ2011 አሜሪካ ገብቶ ነበር። በ2015 አፕል ራሱ አፕል ሚዩዚክን ከፈተ። ዓለም አቀፉ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር አይኤፍፒአይ እንዳወጣው በ2023 ከቀረጻ ሙዚቃ ገቢ 67 ፐርሰንት የሚሆነው ከስትሪሚንግ ነው፤ ዳውንሎድና ሌሎች ዲጂታል ሽያጮች ተደምረው 3 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ናቸው።

ልብ በሉ፦ ስፖቲፋይ ላይ «ዳውንሎድ» የሚለው በተን ስሙ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካልነካ የወረደው ይጠፋል። ክፍያው ሲቆምም ያው ነው። የ2003ቱ ቁልፍ ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ግን ማንም «የኔ ነው» ብሎ ስላልገዛ የሚጮህ የለም።

ፉክክሩም ቦታ ቀየረ እንጂ አላለቀም። ስፖቲፋይ በ2019 ለአውሮፓ ኮሚሽን አፕልን ከሰሰ፦ «አይፎን ላይ ደንበኞቼን ከአፕ ውጪ በርካሽ መክፈል እንደሚቻል እንዳልነግር ተከልክያለሁ» በሚል። መጋቢት 2024 ኮሚሽኑ አፕልን ከ1.8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣው።

ዳውንሎድ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በ2008 የተጀመረው ባንድካምፕ እስካሁን ቁልፍ የሌለው ፋይል ይሸጣል። ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 ፐርሰንት ነው፤ የቀረው፣ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ተቀንሶ፣ ለአርቲስቱ ወይም ለሌብሉ ይሄዳል።

10. እኛስ ጋ?

እኛ አገር ብዙ ሰው የአይቲዩንስን ዘመን አላለፈበትም። ከካሴትና ከሲዲ በቀጥታ ሞባይል ቤት ሄዶ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ወደ ማስጫን፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብና ቴሌግራም ነው የሄደው። አንዱ ምክንያት ክፍያ ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ሞባይል ቤት ለማስጫኛ የሚከፈለው ብር ግን ለዘፋኙም ለገጣሚውም አይደርስም።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለገጣሚውና ለዜማ ደራሲው፣ ለዘፋኙና ለድምፅ አሳታሚው መብት ይሰጣል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ባለመብቶች በጋራ ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ አስቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካን ጨምሮ ሙዚቀኞች የጀመሩት «አውታር» የክፍያውን ችግር በሞባይል ሂሳብ ለመፍታት ሞከረ፤ «ሰዋስው»ም በዚሁ ገበያ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄው ግን አፕል በ2003 የገጠመው ነው፦ ከነፃው የበለጠ የሚመች ካልሆነ ማን ይከፍላል?

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ

👉 የሚሰጣችሁ ፋይል ነው ወይስ አፑ ውስጥ ብቻ የሚከፈት? ኤምፒስሪ ወይም ሌላ ቁልፍ የሌለው ፋይል ከሆነ በማንኛውም ማጫወቻ ይሠራል።

👉 ፋይል ከሆነ ወዲያው ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ። መደብር ሊዘጋ ይችላል፤ ሌብሉም ፈቃዱን ሊያነሳ ይችላል።

👉 ወርሃዊ ክፍያ ከሆነ የምትከፍሉት ለኪራይ መሆኑን እወቁት። ኪራይ መጥፎ አይደለም፤ ግዢ መስሎ መታየቱ ነው መጥፎው።

👉 የምትወዱትን አርቲስት መደገፍ ከፈለጋችሁ የራሱ ገጽ ላይ በቀጥታ የሚሸጥ ካለ መጀመሪያ እዚያ ሞክሩ። በመሃል ያለው እጅ ባነሰ ቁጥር የሚደርሰው ይበዛል።

👉 ዘፈን የምትሠሩ ከሆናችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት መስመር ፈልጉ፦ ማስተሩ የማን ነው፣ እና ዲጂታል ገቢው የሚታሰበው በሽያጭ ነው ወይስ በፈቃድ። የኤፍቢቲን ክርክር ያስረዘመው ውሉ ዳውንሎድን በስሙ ጠርቶ አለማስቀመጡ ነው።